ባንዲራ ያዡ በሥዕሉ ውስጥ የለም

ቆቦ፣ ኅዳር 24 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልዋ ውዱ፣ ስዊድን አገር

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አጎትሽ ታሂር አራጌ ነኝ። አባትሽ ውዱ በሕይወት ቢኖር ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ እሱ ነበር፤ አላህ ይማረውና እኔ በወንድሜ ቦታ እጽፋለሁ። ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? የዚያ አገር ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ባለቤቴ አሚና ሰላም ብላሻለች። ኢዱንም እንደ ነገሩ ዋልነው።

ዘንድሮ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ወፍ ወረደብን። አንድ መንጋ ሲያርፍ ቀኑ ይጠቁራል። ሴት ወንዱ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ሲያስጮህ ቢውልም አልተቻለም። አመልክተን መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን መጣልን። ወፎቹ የሚያድሩት ከሰፈራችን በታች፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው ሜዳ ላይ ባለው ግራር ውስጥ ስለሆነ ርጭቱ የሚደረገው ሲመሻሽ ነው። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ ለአብራሪው ቦታውን የሚያመለክት ሰው ሲፈለግ፣ ልጄን በድረዲንን መረጡት። ባንዲራ ያዥ ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንቺ ስትሄጂ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር።

ኅዳር 3 ቀን፣ ጁምዓ፣ ረመዳን ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ረጭቶ አለፈ። በሦስተኛው ለውሃ ጉድጓዱ ሞተር የተዘረጋውን ሽቦ መታና ማሽላው ውስጥ ወደቀ። አብራሪው ካፒቴን ገዛኸኝ ይባላል። እዚያው አለፈ። መጀመሪያ የደረሰለት ልጄ ነው።

አሁን ሰው፣ «ፆም አድክሞት ጨርቁን ከማይሆን ቦታ ይዞ ሽቦው ላይ ነዳው» ይላል። ፊት ለፊት አይሉትም። ገበያ ሲወጣ ግን ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። እሱም ዝም ብሏል። ያቀረቡለትን ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል።

አንቺ የወደቀ አውሮፕላን እንዴት እንደወደቀ በኮምፒውተር እየሣልሽ ለመርማሪዎች እንደምታሳዪ ጽፈሽልኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ሥራ አልመሰለኝም። አሁን የማውቀው ሌላ ሰው የለም። ይህን የልጄን ነገር ልትሠሪልኝ ትችያለሽ? ብር አትላኪ። የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።

አጎትሽ ታሂር


ጎተንበርግ፣ ጥር 19 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አጎቴ ለአቶ ታሂር አራጌ

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ። እትዬ አሚናን እጃቸውን ስሜያለሁ በሉልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ለሟቹ ነፍስ ይማር። ለበድረዲንም ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጠው።

ስለ ሥራዬ በደንብ ሳላስረዳዎ ቀርቻለሁ። አውሮፕላን ሲወድቅ የሚተርፈው ቁጥር ነው። በየሰከንዱ ምን ያህል ከፍ ብሎ፣ በምን ፍጥነት፣ ወደ የት ዞሮ እንደነበር የሚመዘግብ መሣሪያ አለው። ያን ሁሉ ቁጥር ለሰው ቢያነቡለት አይገባውም። እኛ ቁጥሩን ወደ ሥዕል እንለውጠዋለን፤ ተራራው፣ ሜዳው፣ ፀሐይዋ በነበሩበት ሆነው አውሮፕላኑ በመካከላቸው ሲሄድ ይታያል። ዳኛም፣ አብራሪም፣ የሟች ቤተሰብም አይቶ ይረዳዋል። አደጋም አለው። ሥዕሉ ሲያምር ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየው ይመስለዋል። ስለዚህ በማስረጃ ያልተገኘ ነገር እንዳንጨምር እንጠነቀቃለን።

የርጭት አውሮፕላን ትንሽ ነው፤ እንደ ትልልቆቹ መዝጋቢ የለውም። የመርጫው መሣሪያ ግን ከሳተላይት እየተቀበለ የሄደበትን መንገድ ይይዛል። እሱ ከተረፈ መሥራት ይቻላል። የሚልኩልን ግን መርማሪዎቹ ናቸው። እኔ ላኩልኝ ማለት አልችልም።

በድረዲን የት ቆሞ እንደነበር ራሱ ይጻፍልኝ። አጭርም ቢሆን ይጻፍ።

ሰልዋ


ቆቦ፣ መጋቢት 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልዋ

የአላህ ሰላም በያለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። አሚና ዓይኗን ትንሽ ያማታል።

በድረዲንን ጻፍ ብለው እምቢ አለኝ። ስለዚህ የነገረኝን እኔ እጽፈዋለሁ። አውሮፕላኑ የመጣው ከዞብል ተራራ በኩል ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው። እሱ የቆመው ከሽቦው ወዲህ፣ አውሮፕላኑ በሚመጣበት በኩል፣ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ነው። እዚህ ቁም ብለው ያሳዩት ቦታ ነው። ሰዎች ግን ከሽቦው ወዲያ ነበር፣ አብራሪው እሱን ብሎ ሲመጣ ነው ሽቦው ያገኘው ይላሉ። አየን የሚሉት ሦስት ናቸው። ሦስቱም ማማ ላይ ነበሩ፤ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ነበረች። ይህን ልጄ አልነገረኝም፣ እኔ ነኝ የማስበው።

መርማሪዎች መጥተው ስብርባሪውን ጭነው ሄደዋል። አንድ ትንሽ ሣጥን በጨርቅ ጠቅልለው ሲወስዱ አይቻለሁ። የጻፍሽው እሱ ይሆናል።

በድረዲን ሰላም ብሎሻል።

ታሂር


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ከርመዋል?

ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ ፋይል ተቀመጠ። ካርታውን ስከፍተው ዞብል ወጣ። ስሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁና ተመልሼ ሥራዬን ጀመርኩ።

ሜዳውን ሠርቻለሁ። ግራሮቹን ከሳተላይት ፎቶ ላይ አንድ በአንድ ተክያለሁ። የማሽላውን ቀለም ግን ከማንም አልጠየቅኩም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልልሶች ከሽቦው ጎን ለጎን ናቸው፤ ስለዚህ ሽቦው ጋ አልደረሰም። ሦስተኛው አቅጣጫ ቀይሮ፣ ከመሬት ዐሥር ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሽቦውን አቋርጦ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አራት ሰከንድ ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ለአብራሪው በተሰጠው ካርታ ላይ ሽቦው የለም። ከርጭቱ በፊት ቦታውን ያጠኑት ሰዎች የሞሉት ቅጽ ላይም፣ የኤሌክትሪክ መስመር በሚለው አንጻር «የለም» ተብሎ ተጽፏል። ሽቦው መቼ ተዘረጋ? ያጠኑት ሰዎችስ ከአገሬው ማንን ጠየቁ? አንቱ የቀበሌው ሽማግሌ ስለሆኑ አያጡትም ብዬ ነው።

ለበድረዲን እየሠራሁት እንደሆነ ይንገሩልኝ።

ሰልዋ


ቆቦ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልዋ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ሐምሌ ላይ ደርሶኛል። ክረምቱ ሥራ የሚበዛበት ሆኖ ነው የዘገየሁ። ዝናቡ ጥሩ ነበር። ጎርፍ ከጋራው ወርዶ ማሳችንን ሁለት ጊዜ አጠጣልን፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል። አንዲት ላም ወልዳለች። ለአሚና የዓይን መነጽር የሚያመጣ ሰው ብታገኚ ላኪላት፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷታል።

ስለ ሽቦው የጠየቅሽው፣ የዘረጉት የጉድጓዱ ሠራተኞች ናቸው። ቀኑን አላስታውሰውም።

ልጄን ከሽቦው ወዲህ አቁሚልኝ።

በድረዲን ደህና ነው።

ታሂር


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 28 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ

የአላህ ሰላም ይብዛልዎ። መነጽሩን አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ፤ በአውቶቡስ ይልከዋል።

ጥፋቴን ልንገርዎ። ፋይሉ የዘመዴ ጉዳይ መሆኑን ያን ጊዜ ለአለቃዬ አልነገርኳትም። ሕጉን አውቃለሁ፤ የዚያኑ ቀን መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩና በድረዲንን ሠራሁት። ስክሪኑ ላይ የጥፍር ያህል ምስል ናት፤ ነጭ ጨርቅ የያዘች ትንሽ ሰው። ከሽቦው ወዲህ አቆምኳት። ጥቅምትን ሙሉ እዚያ ቆመች። ሥዕሉን ባስኬድኩት ቁጥር ጨርቋን ታወዛውዛለች።

አለቃዬ ሽበታም ሴት ናት፤ ብዙ አትናገርም። ልታየው መጣችና፣ «ይህ ሰው እዚህ መቆሙን በምን አወቅን?» አለችኝ።

«እሱ ራሱ ለመርማሪዎቹ ተናግሯል።»

«ሌሎቹ ምስክሮችስ?»

«ከሽቦው ወዲያ ነበር ብለዋል።»

«ታዲያ ለምን ወዲህ አቆምሽው?»

 «የአጎቴ ልጅ ነው» አልኳት።

አልተቆጣችም። «አውጪው» አለች። «ወዲህም ወዲያም አይቆምም። የማናውቀውን አንሥልም።» ተቀምጣ እያየችኝ አጠፋሁት። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔም ለስድስት ወር ከአደጋ ሥራ ተነሥቻለሁ፤ አሁን ለማሠልጠኛ የሞተር ሥዕል ነው የምሠራው።

ከመነሣቴ በፊት ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። የሥዕሉን ካሜራ አብራሪው በተቀመጠበት፣ በዓይኑ ቁመት ልክ አደረግኩት። ፀሐይዋን በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት በነበረችበት፣ ከምዕራቡ ጋራ አናት ላይ አስቀመጥኩ። ሽቦው አይታይም አጎቴ። ዐሥር ጊዜ መልሼ አየሁት። ከፀሐይዋ በቀር ምንም የለም። በድረዲን ወዲህ ይቁም ወዲያ ለውጥ የለውም። ሽቦ አለ ተብሎ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሊያየው አይችልም።

መርማሪዎቹ ጥር ላይ ሥዕሉን ይዘው ቆቦ ይመጣሉ ተብሏል። በድረዲን ሄዶ እንዲያየው ያድርጉ። ራሱን ሲያጣው እንዳይደነግጥ ግን አስቀድመው ይንገሩት።

ሰልዋ


ቆቦ፣ የካቲት 5 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልዋ

አሰላሙ ዓለይኪ። መነጽሩ ደርሷል፣ አላህ ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ አራት ቀን ነው የጻፍኩት።

ጥር 27 ቀን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሳዩን። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥረው፣ ጄኔሬተር ደጅ አስነሥተው ነው። ሰው ሞልቶ በመስኮት ሳይቀር ያይ ነበር። የሟቹ ባለቤት፣ ወይዘሮ ሜሮን የምትባል፣ ከአዲስ አበባ መጥታ ከፊት ተቀምጣለች። እኔ ከእሷ ኋላ ነበርኩ።

ዞብልን አወቅሁት። ግራሮቹንም አወቅኋቸው። ቀለሙ የኛ ማሽላ ነው። ሰው ግን የለበትም፤ ከብት የለም፣ ማማ የለም። አውሮፕላኑ ብቻውን ይሄዳል። ልጄ የቆመበት መሬት ባዶውን ነው። ከኋላ አንዱ፣ «ባንዲራ ያዡስ?» አለ። መርማሪው፣ «የት እንደቆመ ማረጋገጥ ስላልቻልን አልሣልነውም» አለ። ሰዉ አጉረመረመ። ዞሬ አላየኋቸውም።

ከዚያ አብራሪው ሲያይ የነበረውን አሳዩ። ነጭ ብርሃን ነው፣ እንደ ጻፍሽልኝ። ቀጥለው ያንኑ መልሰው ሽቦውን በቀይ አሰመሩበት። ያኔ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ወይዘሮ ሜሮን እጇን አንሥታ፣ «እዚህ ጋ አቁሙልኝ» አለች። አቆሙላት። ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ «ይህ ሽቦ አለ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

መርማሪው፣ «ቅጹ ላይ የለም ነው የሚለው» አላት።

እኔ ተነሣሁ።

ልጄ ሰልዋ፣ ሰኔ ላይ ማንን ጠየቁ ብለሽ የጻፍሽው፣ የጠየቁት እኔን ነው። ያን ዓመት ጥቅምት 29 ቀን፣ አውሮፕላኑ ሊወድቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጣ። ፀሐዩ ከርሮ ነበርና ወደ ሜዳው አልወረድንም፤ ጥላ ሥር ቆመን ነው። ወረቀቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ እዚህ መብራት ገብቷል?» አለኝ። «አልገባም» አልኩት። እውነቴን ነው። ሽቦው ተዘርግቷል እንጂ መብራቱ ገና አልተለቀቀበትም። እኛ መብራት ገባ የምንለው ሲበራ ነው። ሰውየው «የለም» ብሎ ጻፈና አመስግኖኝ ሄደ። ስለ ሽቦ እየጠየቀኝ እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ አውሮፕላኑ በወደቀበት ማታ ነው። እና ዝም አልኩ። ሰው በልጄ ላይ ሲያወራ ዝም አልኩ። አሥራ አራት ወር።

ይህንኑ እዚያ ቆሜ ተናገርኩ። መርማሪው ጻፈው፤ አነበበልኝና ፈረምኩ። ወይዘሮ ሜሮን ዞራ አየችኝ። ስትጮህብኝ ነው የጠበቅሁት።

«ሽቦው ከተዘረጋ ስንት ቀን ሆኖት ነበር?» አለችኝ።

«ሃያ ስድስት ቀን» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። 

በማግሥቱ ሽማግሎቹ ቤቴ መጡ። «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ አንተ አታመጣውም አታስቀረውም» አሉኝ። ያጽናኑኝ መስሏቸው ነው። ለልጄ ግን አንዳቸውም ቀደር ነው አላሉለትም ነበር። አሚና እህሌን ታቀርባለች፤ አብራኝ አትበላም። ቢቆጡኝ፣ ቢቀጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያ ባለሙያ ሽቦውን በዓይኑ አለማየቱ ጥፋት ነው፣ አንተ ብቻ አይደለህም አሉኝ መርማሪዎቹ። ይሁን።

አሁን የመጨረሻውን ልጻፍልሽ። በድረዲን የለም። ባለፈው ዓመት የካቲት 24 ቀን ሄደ። መጋቢት ላይ ሰላም ብሎሻል ብዬ ስጽፍልሽ ከወጣ አሥራ አራት ቀኑ ነበር። ሰላም አላለሽም፤ ከጻፍኩት ውስጥ የቦታው ነገር ብቻ ነው የእሱ። በአፋር በኩል ጅቡቲ ገብቶ በጀልባ ወደ የመን መሻገሩን ከአንድ የግመል ነጋዴ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ደህና ነው እያልኩ የጻፍኩልሽ፣ ጠፋ ብዬ በእጄ መጻፍ አቅቶኝ ነው።

ድምፁን ከሰማሽ ይህን ሁሉ ንገሪልኝ። እኔ የምጽፍበት አድራሻ የለኝም።

ታሂር አራጌ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለአቶ ታሂር አራጌ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎን አላህ ይጠብቅልኝ። ለእትዬ አሚና ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ያንብቡላቸው።

በድረዲን በሕይወት አለ። ጅዳ ነው። ያለፈው እሑድ ደወለልኝ። ቁጥሬን እናንተ ቤት ካለ የድሮ ደብዳቤ ላይ ገልብጦ ይዞት ሄዷል፤ ዓመት ሙሉ ኪሱ ውስጥ ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ዛፍ ያጠጣል። የመኖሪያ ወረቀት የለውም፣ ጤናው ግን ደህና ነው። ስለ ቤት የጠየቀኝን ሁሉ ከደብዳቤዎችዎ እያየሁ መለስኩለት። ከዚያ የየካቲቱን ደብዳቤዎን አነበብኩለት። ምንም ሳልዘል፣ ዝግ ብዬ ነው ያነበብኩት። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት።

«አለሁ» አለኝ።

«ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ እቴ። አባዬ በሰው ፊት ተናገረው?»

«ተናገረ። ፈረመም።»

«ባይናገር ይሻል ነበር» አለ። ቀጥሎ፣ «ባለሙያው ሲጠይቀው እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር» አለኝ። «ወንበር ይዤ ወጥቼ ነው። አባዬ አልገባም ሲል፣ ሽቦው ግን ተዘርግቷል እኮ ልል ነበር። እንግዳ ፊት የአባትን ቃል ማረም ነውር መሰለኝና ተውኩት። ሰውየው ሲሄድ ተከትዬ እነግረዋለሁ አልኩ። በዚያው ለሌላ ጉዳይ ተጠራሁና ረሳሁት።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ሲያማህ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር አባዬ ነበር የሚጠየቀው።»

 የመኪና ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ካርዱ ሊያልቅ ሲል፣ ለጊዜው እንደማይመጣ፣ እዚያ እንደሚቆይ ነገረኝ። አባዬ ይጻፍልኝ አለ። ስለ ሽቦው ሳይሆን፣ ማሽላው ስንት ኩንታል እንደሰጠ፣ ላሚቱ የወለደችው ወይፈን ይሁን ጊደር፣ እናቱ በመነጽሩ ታይ እንደሆነ ይጻፍልኝ ብሏል።

ደብዳቤ የሚቀበልለት የአገር ልጅ አለ፤ ልብስ ሰፊ ነው። አድራሻውን በሌላ ወረቀት በዓረብኛም በአማርኛም ጽፌ አብሬ አድርጌያለሁ። ፖስታው ላይ የዓረብኛውን ይለጥፉት።

ልጅዎ ሰልዋ